የድሮ የብር ጌጥ ከየት ይገዛ? የቤተሰብ አንቲክ ቤት፣ የስጦታ ሱቅ፣ ገበያ ወይስ አንጥረኛ

ሐረር ጁገል ውስጥ ወይም አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ የብር መስቀል፣ ድሪ ወይም አምባር ዋጋ ጠይቃችሁ ከሆነ ግራ መጋባቱን ታውቁታላችሁ። ሁለት የሚመሳሰሉ ጌጦች ታያላችሁ። የአንዱ ዋጋ የሌላው ብዙ እጥፍ ነው። ሁለቱም ሻጮች ግን «የድሮ ነው፣ ንጹሕ ብር ነው» ይላሉ። ገዢው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይቸኩላል። ነገ በረራ አለው፣ ወይም አስጎብኚው መኪና አስነሥቶ ይጠብቀዋል።

ይህን የምጽፈው ለገና ወይም ለጥምቀት ከውጭ ለሚመጡ ወገኖች፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር፣ ላሊበላና አክሱም ለሚሄዱ፣ ለሙሽራ ወይም ለእናት የሚሆን ነገር ለሚፈልጉ ሁሉ ነው። የሱቅ ስም አልጠራም። ሱቅ ይቀያየራል፣ መለኪያው ግን ያው ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ አንቲክ ቤት ከሁሉም አማራጭ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ውድ ዋጋው የሚገባው ግን ባለቤቱ ጌጡ ከየት እንደመጣና የቱ ጋ እንደተጠገነ ሲነግራችሁ ብቻ ነው። ያን ካልነገረ በግራም ከሚሸጥ ሱቅ አይለይም።

መጀመሪያ መለኪያው

*ብሩ ራሱ።* የድሮ የኢትዮጵያ የብር ጌጥ አብዛኛው የተሠራው ጠገራ ብር እየቀለጠ ነው። ጠገራው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ሳንቲም ነው። አንዱ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከሺህ 833 እጁ ብር ሲሆን የቀረው መዳብ ነው። ስለዚህ በአንድ ጠገራ ውስጥ ያለው ንጹሕ ብር 23.4 ግራም ያህል ነው። አንጥረኛው ሲያቀልጠው ሌላ ነገር ካልደባለቀበት ጌጡም በዚያው ልክ ይወጣል። ከደባለቀበት ጥራቱ ይወርዳል። እንግዲህ «የድሮ ነው፣ መቶ በመቶ ብር ነው» የሚላችሁ ሰው ከሁለቱ አንዱን ተሳስቷል። 80 በመቶ አካባቢ ከሆነ ለድሮ ሥራ ጥሩ ነው።

925 (ከሺህ 925 እጁ ብር ነው) የሚል ማህተም ካያችሁ ብሩ ደህና ሊሆን ይችላል። የአያት ዘመን ሥራ ግን አይመስለኝም፤ የአገራችን የድሮ አንጥረኞች በአብዛኛው እንዲህ ያለ ማህተም አይመቱም ነበር።

ሳንቲም የተንጠለጠለበት ድሪ ሲሆን ደግሞ ሻጩ ሳንቲሙን ገልብጦ «ይኸው 1780 ይላል» ይላችኋል። ዓመቱ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ነው። ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ ሳይቀር ሲመታ ዓመቱ አልተቀየረም። ቪየና ውስጥ ዛሬም ይመታል። እኛ ዘንድ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የወረቀት ብር እስኪወጣ ድረስ ገበያ ላይ ሲዞር ኖሯል። ስለዚህ በዚያ ቁጥር ምክንያት አንድ ብር አትጨምሩ።

ዋናው አምታች ከመዳብ፣ ከኒኬልና ከዚንክ የሚሠራው ነጭ ብረት ነው። ሲወለወል ብር ይመስላል፣ ማግኔትም አይስበውም። ስለዚህ የማግኔት ሙከራ ብቻውን አያድናችሁም። የሚሻለው ሚዛንና ውሃ ነው። ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። ጌጡን በክር አንጠልጥላችሁ፣ ታቹን ሳይነካ፣ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አስገቡት። የሚዛኑን ቁጥር ያዙ። ከዚያ የጌጡን ክብደት ለዚያ ቁጥር አካፍሉ። 42 ግራም የሚመዝን መስቀል ሚዛኑን በ4.1 ከፍ ካደረገው ውጤቱ 10.2 ነው፤ ይህ የጠገራ ብር መጠን ነው። በ4.9 ከፍ ካደረገው ግን 8.6 ይመጣል፤ ነጭ ብረት ወይም ነሐስ ነው። ከ3 በታች ከሆነ አሉሚኒየም ይዛችኋል። ሙከራው ለመስቀል፣ ለቀለበትና ለድፍን አምባር ይሠራል። ውስጡ ክፍት ለሆነ የክታብ መያዣ ወይም ዶቃ አይሠራም። ለነሱ ወርቅ ቤት ወስዶ በማይታይ ቦታ ፋቅ አድርጎ በአሲድ ማስፈተሽ ነው።

*ዕድሜና ጥገና።* መስቀል ከሆነ ፊቱን ከማየታችሁ በፊት ማንጠልጠያውን እዩ። ማተብ ላይ ብዙ ዘመን የኖረ መስቀል ክሩ ያረፈበት ቦታ ይሳሳል፣ ጎድጎድ ይላል። አንዳንዱ ሊበጠስ የደረሰ ክር ያህል ቀጥኖ ታገኙታላችሁ። ቀጥሎ ገልብጡት። ደረት ላይ ሲታሽ ስለኖረ ጀርባው ከፊቱ ይልቅ ይለሰልሳል። የጠርዙን ጥግ በጥፍራችሁ ዳስሱት፤ ያለ ችግር ያሳልፋችኋል።

አዲስ ተሠርቶ «የድሮ» የተባለው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ጠርዙ ስለታም ነው። ጥቁረቱ ግን በሁሉም ቦታ እኩል ነው፤ ጉብታውም ጉድጓዱም። በጊዜ የጠቆረ ብር ጉድጓዱ ውስጥ ይጠቁራል እንጂ እጅ የሚነካው ከፍ ያለው ቦታ ነጣ ብሎ ይቀራል። ነጭ ሶፍት አውጡና አሸት አድርጉት። በጫማ ቀለም የተቀባ ከሆነ ሶፍቱ ይነግራችኋል።

ጥገና መኖሩ ነውር አይደለም። ሰው ሲለብሰው የኖረ ጌጥ ይሰበራል፣ ይጠገናል። ልዩነቱ ጥገናው እንዴት እንደተሠራ ነው። በብር ብየዳ የተያያዘ ቦታ ቀጭን መስመር ብቻ ይታይበታል። ግራጫ፣ ደብዛዛ፣ ተንጠባጥቦ የረጋ የሚመስል ነገር ካያችሁ በእርሳስ የተበየደ ነው። ይህን ዓይነቱን ጥገና በቀላሉ አትለፉት። ሌላ ጊዜ አንጥረኛ እሳት ሲያሳየው እርሳሱ ወደ ብሩ እየገባ ጌጡን ይበላዋል። ዋጋው ላይ ተነጋገሩ፣ ወይ ተዉት።

ድሪ ከሆነ ደግሞ አንድ ወጥ ነው ወይስ ተሰባስቦ የተሰካ የሚለው ትልቅ ጥያቄ ነው። አብዛኛው ድሪ ተሰባስቦ የተሰካ ነው። የወሎ ጠልሰም (ድሪ ላይ የሚንጠለጠል ጌጥ)፣ የሐረር ዶቃ፣ ከወዲያ የመጣ ሳንቲም በአዲስ ክር ላይ አንድ ላይ ይሰካሉ። ያምራል፣ ይለበሳል። ግን «የአንዲት ሴት የሠርግ ድሪ» ተብሎ መሸጥ የለበትም። ማንጠልጠያዎቹን አንድ በአንድ ተመልከቱ። የሽቦው ውፍረትና አጠማዘዙ ከተለያየ ተሰብስቦ ነው።

ስለ ቢጫው ዶቃ፣ አምበር ስለሚሉት፣ ባጭሩ። ገበያ ላይ ካለው ብዙው ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ ተሠርቶ ወደ አፍሪካ የገባ ፕላስቲክ ነው። እሱም ቢሆን ዕድሜ ጠግቦ የራሱ ፈላጊ አለው። የአምበር ዋጋ ግን አይከፈልበትም። ጨው እስኪበቃው የተሟሟበት ውሃ ውስጥ ያልተሰካ ዶቃ ጣሉ። አምበር ይንሳፈፋል፣ ያኛው ይሰምጣል።

*ታሪኩ።* የማን ነበር፣ ከየት ገባ፣ መቼ ገባ። ይህ መለኪያ በሚዛን አይመዘንም፤ ለድሮ ጌጥ ከብሩ በላይ የምንከፍለው ግን ለዚህ ነው።

*ከአገር ማውጣት።* የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። የድሮ ነው ብላችሁ የገዛችሁት መስቀል ኤርፖርት ፍተሻ ላይ «የድሮ ነው» ተብሎ ሊያዝ ይችላል። አዲስ አበባ የሚገኘው የቅርስ ባለሥልጣን ዕቃውን አይቶ ማረጋገጫ ይሰጣል፤ ስለዚህ ከበረራው በፊት አንድ የሥራ ቀን ያዙለት። በአውሮፓ በኩልም ሕጉ ጠብቋል። ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት ከተሠራበት አገር በሕገ ወጥ መንገድ የወጣን የባህል ዕቃ ማስገባት ከልክሏል። ፈቃዱም ደረሰኙም ከእጃችሁ አይለዩ።

ሁለት ነገር ደግሞ በምንም ዋጋ አይገዛም። አንዱ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ነው፦ የመጾር መስቀል፣ ጽዋ፣ ጽና፣ የብራና መጽሐፍ። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ቤልጂየም ድረስ ሄዶ ነው የተመለሰው። እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሰረቀው ገዢ ስላለ ነው። ሁለተኛው የዝሆን ጥርስ አምባር ነው። የቱንም ያህል ያረጀ ይሁን ድንበር ላይ ችግር ውስጥ ይከታችኋል።

የቤተሰብ አንቲክ ቤት

እነዚህ ቤቶች ሐረር ጁገል ውስጥም አዲስ አበባም አሉ። አባት ወርቅ ሠሪ ወይም ነጋዴ ነበር፣ ልጅ ተረከበ። ፒያሳን የምትፈልጉ በድሮ አድራሻ አትሂዱ። በ2016 ዓ.ም. በልማቱ ምክንያት ብዙ ሱቅ ስለተነሣ አስቀድማችሁ ደውሉ ወይም ሰው ጠይቁ።

እንዲህ ያለ ቤት ዕቃው የሚገባው ከሰው ነው። ሠርግ ያለበት፣ የታመመበት፣ ልጅ የሚያስተምር ሰው የእናቱን አምባር ይዞ ይመጣል። ባለሱቁ በግራም ይገዛል። ተራውን ያቀልጣል፣ ጥሩውን መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጣል። ስለዚህ ጥሩው ነገር መስታወቱ ላይ የለም። መስታወቱ ላይ ያለው ለአላፊ አግዳሚው የተሰቀለ ነው፤ የሚፈለገው ከኋላ ነው የሚወጣው። የሚወጣው ደግሞ ሰው ተቀምጦ ሲጠይቅ ነው።

የአገባቡ ነገር ልዩነት ያመጣል። አስጎብኚ ወይም ደላላ ይዞ የገባ ሰው የደላላውንም ኮሚሽን ይከፍላል። ባለሱቁ ዋጋ ሲጠራ አብሮ ነው የሚያስበው። ብቻችሁን ወይም ከቤተሰብ ጋር ግቡ። ሐረር ከሆነ ጠዋት ሂዱ። ከሰዓት በኋላ ከተማዋ ቀዝቀዝ ትላለች፣ ዓርብ ደግሞ የጁምዓ ሰዓት ላይ ሱቅ ይዘጋል። ሰላምታውን አታሳጥሩ። ቡና ከመጣ ጠጡ፤ ቡና መጠጣት የመግዛት ግዴታ የለበትም። የማትገዙ ከሆነ ግን ሰውየውን ሰሃን በሰሃን አታስወጡት። «ዛሬ ለማየት ነው የመጣነው» ማለት ነውር የለውም፣ እንዲያውም ይወደዳል።

ከዚያ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ ከየት ገባ?» ጥሩ መልስ የተወሰነ ነው። «ከባቲ ሰኞ ገበያ አባቴ የገዛው ነው» ወይም «የዚሁ የጁገል ሰው ነው ያመጣው»። «ከቤተ መንግሥት የወጣ» ወይም «አምስት መቶ ዓመት የሞላው» የሚል መልስ ከመጣ ዋጋው ላይ ታሪክ እየተጫነበት ነው። «እሱን አላውቅም፣ ከነጋዴ ነው የያዝኩት» ያለ ባለሱቅ ግን ታማኝ ነው። እንደዚህ ያለ ሰው ሲገጥመኝ ሌላ ዕቃውንም በመተማመን ነው የማየው።

«የተጠገነ ቦታ አለው?» ይህን ከጠየቃችሁ በኋላ ዝም በሉ። መስቀሉን ገልብጦ፣ በጣቱ እየጠቆመ «ይቺ ማንጠልጠያ አዲስ ናት፣ እኛ ነን የቀየርናት» ያለ ሰው ላይ ነው መግዛት። እናንተ ብየዳውን አይታችሁት እሱ «ምንም አልተነካም» ካለ ቡናችሁን ጨርሳችሁ ተነሡ።

«በሚዛን እንየው?» የቤተሰብ ሱቅ ሚዛን አለው። በግራሙ የዕለቱን የብር ዋጋ አስሉና ከተጠራው ጋር አስተያዩ። 84 ግራም የሚመዝን አምባር ሦስት ጠገራ ማለት ነው፤ ውስጡ 70 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ቢኖር ነው። ከዚያ በላይ የምትከፍሉት ለእጅ ሥራው፣ ለዕድሜውና ለታሪኩ ነው። ይገባዋል ካላችሁ ክፈሉ። ቁም ነገሩ ለምን እንደምትከፍሉ ማወቃችሁ ነው።

ድርድሩ ላይ የተጠራውን ግማሽ መጥራት እዚህ ቤት አያዋጣም። ሰውየው ይቀየማል፣ መሳቢያውም ይዘጋል። «ሁለቱን ብወስድ መጨረሻው ስንት ይሆናል?» የሚለው የተሻለ ይሠራል።

ድክመቱስ? ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ምርጫው ትንሽ ነው። ደግሞ ሁሉም «የአባቴ ሱቅ ነው» የሚል ሰው የአባቱ ሱቅ አይደለም። የግድግዳ ፎቶ ማስረጃ አይሆንም። ዋናው ማስረጃ ከላይ ያሉት ሦስት መልሶች ናቸው። ሌላም ምልክት አለ፦ የሸጠውን መልሶ ይገዛል ወይ? ጥሩ የቤተሰብ ቤት የራሱን ዕቃ መልሶ ለመግዛት ወይም በሌላ ለመቀየር አያንገራግርም።

የስጦታ ዕቃ ሱቅ

ቸርችል ጎዳና፣ ላሊበላና አክሱም መግቢያ ላይ፣ ሆቴሎች ውስጥ ያሉት ናቸው። አብዛኛው ዕቃ አዲስ ነው፤ ብዙው ነጭ ብረት ወይም ነሐስ ነው። ይህ በራሱ ማጭበርበር አይደለም። አሥር ጓደኛ ላለው ሰው አሥር ትናንሽ መስቀል ከዚህ መግዛት ትክክል ነው። አዲስ ስለሆነም ከአገር ሲወጣ የሚያከራክረው ነገር ጥቂት ነው።

ችግሩ «የድሮ» የሚለው ቃል ሲጨመር ነው። ስለዚህ እዚህ ሱቅ ውስጥ ሁሉም ነገር አዲስ ነው ብላችሁ ግዙ። «የጎንደር መስቀል»፣ «የአክሱም መስቀል» የሚሉት ስሞችም ብዙ ጊዜ የቅርጽ መጠሪያ ናቸው እንጂ የተሠራበትን ቦታ አያሳዩም። በስሙ ምክንያት ዋጋ አትጨምሩ።

ገበያና ተንቀሳቃሽ ሻጭ

መርካቶ፣ የሐረር መጋላዎች፣ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ዕቃ በሻሽ ጠቅልለው የሚመጡ። እውነተኛ የድሮ ጌጥ በርካሽ የሚገኝበት አንዱ ቦታ ይህ ነው። ፎርጅድ የሚበዛበትም ይኸው ነው። ደረሰኝ የለም፣ ነገ ተመልሳችሁ ብትመጡ ሰውየው የለም።

ለጀማሪ አልመክርም። ዓይኑ የለመደ ሰው ግን ሚዛኑን ይዞ ይሂድ፣ ከብሩ የግራም ዋጋ ብዙም ሳይርቅ ይግዛ። ወጣት ልጅ በር ላይ «ከገዳም የወጣ» ብሎ በድብቅ የሚያሳያችሁን ነገር ግን እጃችሁ ላይ እንኳ አትያዙት። ወይ ፎርጅድ ነው፣ ወይ የተሰረቀ ነው።

አንጥረኛ ጋር ማሠራት

ይህ አማራጭ የሚገባውን ያህል አይታሰብም። የአያታችሁን መስቀል ፎቶ፣ ወይም ሙዚየም ያያችሁትን ቅርጽ ይዛችሁ ወርቅና ብር ሠሪ ጋር ትሄዳላችሁ። የብሩን ጥራት እናንተ ትወስናላችሁ። ዋጋው ግልጽ ነው፦ የብሩ ግራምና የእጅ ዋጋ። ከአገር ለማውጣትም አዲስ መሆኑን የሚያሳይ ደረሰኝ አለው። በቤት ውስጥ የተሰበረ የቤተሰብ ብር ካለ እሱኑ አቅልጦ መሥራት ይቻላል። ነገር ግን ከማስቀለጣችሁ በፊት አንቲክ የሚያውቅ ሰው ይየው፤ የተሰበረው ነገር ተጠግኖ የበለጠ ዋጋ ሊኖረው ይችላል።

የሚያስቸግረው ጊዜ ነው። ለአንድ ሳምንት የመጣ ሰው አይደርስለትም። ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት የሠራውን ሌላ ሥራ አሳዩኝ በሉ። በሰም ቅርጽ የሚሠራ ከሆነ ጀርባውን እዩ፤ ጥቃቅን ቀዳዳ ከበዛበት ቸኩሎ የተሠራ ነው።

ከውጭ፣ በኢንተርኔት

አውሮፓና አሜሪካ ካሉ ሻጮች የሚገዙ ብዙ ወገኖች አሉ። ጥሩ ፎቶ፣ የመመለስ መብት፣ የካርድ ክፍያ አለው። ዋጋው ግን የአገር ቤቱን ትንሽ ነገር ያስመስለዋል። ዕቃው ከኢትዮጵያ መቼና እንዴት እንደወጣ የሚያሳይ ወረቀት ጠይቁ። ከሌለው ተዉት።

በአንድ ላይ ሲታይ

| | የቤተሰብ አንቲክ ቤት | የስጦታ ሱቅ | ገበያ | አንጥረኛ | ኢንተርኔት |
|---|---|---|---|---|---|
| የድሮ የመሆን ዕድል | ከፍተኛ | በጣም ዝቅተኛ | የተደበላለቀ | የለም፣ አዲስ ነው | መካከለኛ |
| የብሩ ጥራት | 80 በመቶ አካባቢ፣ ይፈተሽ | ብዙው ነጭ ብረት | ሳይፈተሽ አይታወቅም | እናንተ ትወስናላችሁ | ሻጩ በሚለው፣ ይፈተሽ |
| ታሪኩ | ጥሩ ባለቤት ይናገራል | የለም | አይጣራም | የራሳችሁ ይሆናል | በወረቀት ካለ ብቻ |
| ዋጋ ከብሩ ግራም አንጻር | ብዙ ከፍ ይላል | ትንሽ ገንዘብ፣ ለብሩ ግን ውድ | ወደ ብሩ ዋጋ ሊጠጋ ይችላል | ግራሙና የእጅ ዋጋ | ከሁሉም ከፍተኛ |
| ከአገር ማውጣት | የቅርስ ማረጋገጫ ያስፈልጋል | ቀላል | ያስቸግራል | ቀላል፣ በደረሰኝ | ወጥቷል፣ ወረቀቱን ጠይቁ |
| መመለስ፣ መጠገን | ይቻላል | አልፎ አልፎ | አይቻልም | ይቻላል | መመለስ ይቻላል |

ለየፍላጎቱ

በትንሽ ገንዘብ ብዙ ሰው ማስደሰት ለሚፈልግ፦ የስጦታ ሱቅ። አዲስ መሆኑን አውቆ፣ ነጭ ብረት መሆኑንም ለሚሰጠው ሰው ነግሮ። ኒኬል ቆዳ የሚያሳክካቸው ሰዎች አሉና ለጉትቻ ይህን ብረት አትምረጡ።

ለሠርግ፦ አንጥረኛ። ሙሽራዋ በየቀኑ የምታደርገው ነገር ጠንካራ መሆን አለበት። የመቶ ዓመት ማንጠልጠያ በዘፈን መሐል ይበጠሳል። የድሮ ነገር የግድ ከተፈለገ ከቤተሰብ አንቲክ ቤት አንድ ጠልሰም ገዝቶ በአዲስ ጠንካራ ሰንሰለት ማሠራት ይቻላል። ሁለቱን የሚያገናኝ መንገድ ይህ ነው፣ እኔም ከሁሉም የምወደው ይህን ነው።

ለራሱ አንድ፣ ግን ጥሩ የድሮ ነገር ለሚፈልግ፦ የቤተሰብ አንቲክ ቤት፣ ያውም በሁለት ጉብኝት። መጀመሪያ ቀን እዩ፣ ጠይቁ፣ አስመዝኑ፣ ባለቤቱ ከፈቀደ ፎቶ አንሡ። ከዚያ ሙዚየም ግቡ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ 6 ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ተመልከቱ፤ የመስቀል ስብስቡ ዓይን ያስተምራል። ሐረር ከሆናችሁ ሸሪፍ ሙዚየም አለላችሁ። እውነተኛውን በመስታወት ውስጥ ካያችሁ በኋላ ሱቅ ያያችሁት መስቀል በሐሳባችሁ ወይ ይተልቃል ወይ ያንሳል። በማግስቱ ተመልሳችሁ ግዙ ወይ ተዉት።

የሚቀረው ግማሽ ቀን ብቻ ለሆነ፦ የድሮ ነገር አትግዙ። ሚዛኑ፣ ጥያቄውና የቅርስ ማረጋገጫው ሁሉም በግማሽ ቀን አያልቁም። አዲስ፣ ደረሰኝ ያለው የብር ሥራ ግዙና ሂዱ።

ገንዘብ ማስቀመጫ ይሆነኛል ብሎ ለሚያስብ፦ የድሮ ጌጥ ለዚህ አይመችም። ስትሸጡት ብዙ ገዢ በግራም ነው የሚገምተው። ጌጥ የሚገዛው ለመልበስና ለማውረስ ነው።

ለማውረስ የገዛ ሰው ደግሞ ቤት ከገባ በኋላ ሁለት ሥራ ይቀረዋል። አንደኛ፣ ጌጡን በሎሚና በጨው ቀቅሎ አለማንጣት፤ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ጥቁረት የዕድሜው ማስረጃ ነው፣ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። ሁለተኛ፣ በአንድ ወረቀት ላይ የተገዛበትን ከተማና ቀን፣ ግራሙን፣ ባለሱቁ የነገራችሁን ታሪክና የተጠገነውን ቦታ ጽፎ ከደረሰኙና ከማረጋገጫው ጋር አብሮ ማስቀመጥ። ወረቀቱን በአማርኛም ልጆቹ በሚያነቡት ቋንቋም ጻፉት።